ማታ ፊልም ስንከፍት የምትጮኸው ግራጫዋ በቀቀናችን

ጥያቄ
የአመዴ ባለቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን አንዲት የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን አለች፤ ስሟም አመዴ ነው። ቀን ቀን ረጋ ያለች፣ የስልክ ጥሪና የማይክሮዌቭ ድምፅ እያስመሰለች የምታታልለን ወፍ ናት። እናቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ግን ምሽታችን ሌላ መልክ ይዟል። እናቴ ከእራት በኋላ ቡና ያፈላሉ፤ ከዚያም ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ተከታታይ ድራማ ወይም ፊልም እናያለን። ፊልሙ እንደተከፈተ አመዴ በመመገቢያው ክፍል ከሚገኘው የሽቦ ቤቷ ውስጥ ሆና ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ትጀምራለች። ተነሥቼ ሄጄ ሳነጋግራት ዝም ትላለች፤ ተመልሼ ስቀመጥ ደግሞ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እናቴ ወፏ ታማለች ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ጨርቅ እንጣልባትና ዝም ትበል ባይ ነው። የጩኸቷ ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል? ጨርቅ መጣሉስ ተገቢ ነው? ከእኛ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ብናስቀምጣት ይጎዳት ይሆን? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ
ሁለት ግራጫ በቀቀን የሚያሳድግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አመዴ እየጠራችዎት ነው። በቀቀን በዱር በመንጋ የሚኖር ወፍ በመሆኑ፣ ጓደኞቹ ከዓይኑ ሲሰወሩ የት እንዳሉ ለማወቅ ይጣራል፤ ከመንጋው አንዱ ሲመልስለትም ይረጋጋል። ከጻፉት እንደተረዳሁት ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ሲሰበሰብ እርሷ ብቻ በሌላ ክፍል ትቀራለች፤ ድምፃችሁን፣ ሳቃችሁንና የፊልሙን ተዋንያን ንግግር ትሰማለች፣ ልታያችሁ ግን አትችልም። በዚያ ላይ በጮኸች ቁጥር ሄደው ስለሚያነጋግሯት፣ መጮኽ ሰው እንደሚያመጣ በሚገባ ተምራለች።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። የማረፊያ እንጨታቸውን ምሽት ላይ ወደ ሳሎን አመጣና ጀርባቸው ወደ ግድግዳ እንዲሆን፣ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያም ራቅ እንዲሉ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። ምንቃራቸው ሥራ እንዳይፈታ በካርቶን ቁራጭ ውስጥ ለውዝ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ፤ ካርቶኑን ፈልቅቀው እስኪጨርሱ ድረስ የፊልሙ ግማሽ ያልቃል። ከክፍሉ ስወጣ አንድ የተወሰነ ፉጨት አፏጫለሁ፤ እነርሱም በዚያው ፉጨት ሲመልሱልኝ ወዲያው እመልስላቸዋለሁ። ለጩኸቱ ግን መልስ አልሰጥም፤ ቁጣም ቢሆን ለእነርሱ መልስ ነውና። ይህን ሲጀምሩ ለጥቂት ቀናት ጩኸቱ ከበፊቱ ሊብስ ስለሚችል ጎረቤቶችዎን አስቀድመው ይቅርታ ቢጠይቁ አይከፋም።

ይህ ወፍ ነገር የማያገናዝብ ለሚመስላቸው ሰዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰው አሌክስን ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከወፍ መሸጫ ገዝተው ያሠለጠኑት ይህ ግራጫ በቀቀን፣ በ2007 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከ100 በላይ ቃላትን ለይቶ ያውቅ የነበረ ሲሆን፣ የቀረበለት ዕቃ ቀለሙና ቅርጹ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ይመልስ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚችል ፍጥረት ሁለት ምሽት ተጫውታችሁ በሦስተኛው ስትረሱት ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

መልስ
ወፍ ተመልካች፣ አዲስ አበባ

የወንድሜ ምክር ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ያለፈው ይመስለኛል፤ እርሱም እንቅልፍ ነው። ግራጫ በቀቀን የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ ደን ወፍ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም መንጋው በአንድነት ጮኾ፣ ተጠራርቶ ዛፍ ላይ ያድራል። በሜሪላንድ ግን በበጋችሁ ወራት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ላይ ቡናው፣ እንግዳውና ፊልሙ ሲጨመር ወፏ የምትተኛው እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ በቀቀን ይነጫነጫል፣ ይነክሳል፣ አንዳንዱም ላባውን ይነጫል።

እዚህ አዲስ አበባ ዛፍ ባለበት ግቢ ሁሉ የምናያቸውን ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበትን፣ እናትዎ ያውቋቸዋል። እነዚህ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኙ የበቀቀን ወገኖች ናቸው። ሲመሽ ወደ ዛፍ ሽንቁር ሲገቡ የሚያሰሙትን ጫጫታ ለሰማ ሰው፣ አመዴ በዚያው ሰዓት መጮኋ ከቶ አያስገርመውም። ስለዚህ ሁለቱን ብታቀናጁት ይሻላል፤ ከፊልሙ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ከእናንተ ጋር ታሳልፍ፣ ከዚያ በኋላ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ሌላ ክፍል ትተኛ፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ታግኝ። ባለቤትዎ ያሉት ጨርቅ ለመኝታ ሰዓት ከሆነ፣ አየር የሚያስገባም ከሆነ፣ ክፋት የለበትም። ስትጮኽ እየጠበቁ መጣል ግን ቅጣት ነው፤ ከጨርቁ ጋር ታጣላታላችሁ እንጂ ጩኸቱን አያስተዋትም።

መልስ
የአረንጓዴ በቀቀን ባለቤት፣ ናታንያ፣ እስራኤል

ስለ ቴሌቪዥኑ የጠየቁት ሳይመለስ እንዳይቀር። የእኔው ባለ ቀለበት አንገት አረንጓዴ በቀቀን ነው፤ እዚህ አገር ከሽቦ ቤት አምልጠው የበዙት የእርሱ ወገኖች ምሽት ላይ በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ሲሰፍሩ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማቸዋል፤ የእኔውም ከመስኮቱ ሆኖ ይመልስላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በፊልሙ ውስጥ ምን እንደሚሰማ ያስተውሉ። የልጆቹ ሥዕላዊ ፊልም «ሪዮ» በተከፈተ ጊዜ፣ በተኩስና በፍንዳታ የተሞላ የጦርነት ፊልም ያላስጮኸውን ያህል ማካው የሚባሉት ባለ ረጅም ጅራት ትልልቅ በቀቀኖች ድምፅ አስጩኾታል። በነገራችን ላይ የዚያ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ሰማያዊ ማካው በ2019 ከዱር ጠፍቷል ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ በ2022 በብራዚል ባሂያ ግዛት ስምንቱ ተመልሰው ተለቅቀዋል፤ ልጆቼ ይህን ሲሰሙ እኛም አንድ ይገዛልን ማለታቸውን ትተዋል።

ወፍ የሚያየውም እኛ የምናየውን አይደለም። በቀቀን ሰው የማያየውን ከሐምራዊ በላይ ያለ ብርሃን ያያል፤ ፈጣን ብልጭታንም ከእኛ በተሻለ ለይቶ ያያል። የቴሌቪዥን ቀለም ለሰው ዓይን የተቀመረ በመሆኑ ለእርሷ ምስሉ የተፋለሰ ሳይሆን አይቀርም። ጭልፊት ወይም ንስር የሚበርበት የተፈጥሮ ፊልም ካያችሁ ደግሞ አንገቷን መዝዛ፣ ላባዋን ወደ ሰውነቷ አጣብቃ ስትቆም ታገኟታላችሁ፤ ያን ጊዜ ፈርታለችና ጣቢያውን ቀይሩላት። የዓይኗ ብሌን ቶሎ ቶሎ ሲጠብና ሲሰፋ፣ የማጅራቷም ላባ ሲነሣ ደግሞ እጅዎን አይስጧት። ከዚህ ውጭ ድምፁ ዝቅ እስካለ ድረስ አብራችሁ ብታይ ጉዳት አይታየኝም።

መልስ
በእንስሳት ሕክምና ረዳትነት የምትሠራ፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ

እህቴ፣ ሁሉም ስለ ጩኸቱ ጻፉ፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ «እናቴ ከእራት በኋላ ቡና ያፈላሉ» ያሉት ነው። ቡናው የሚቆላው የት ነው? በምን መጥበሻ? እጣንስ ይጨሳል? ከሰልስ ይቀጣጠላል? ጩኸቷ አይገድላትም፤ እነዚህ ግን ሊገድሏት ይችላሉ።

ወፍ ከሳንባዋ በተጨማሪ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ አየሩም በሳንባዋ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ፣ ስታስገባም ስታስወጣም ኦክስጅን ትወስዳለች። ለመብረር የሚያስፈልጋትን ኃይል የሚሰጣት ይህ አሠራር፣ በአየሩ ውስጥ ያለውን መርዝም በዚያው ፍጥነት ወደ ደሟ ያስገባዋል። በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ እስከ 1986 ድረስ ካናሪ የተባለችውን ወፍ ይዘው ይገቡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርዛማው ጋዝ ሰውን ከመጣሉ በፊት ወፏን ይጥላታል።

ከሁሉ የከፋው ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ነው። ልባሱ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ መበላሸት ይጀምራልና የሚያወጣው ጋዝ ለሰው ሽታው እንኳ ሳይታወቅ፣ በሌላ ክፍል ያለችን ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ከተረሳ ወደዚህ ሙቀት ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ቡና ሊቆላ የሚጋልም እንደዚያው ነው። እዚህ አገር እንጀራ የምንጋግርባቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶችም አንዳንዶቹ ይኸው ልባስ ስላለባቸው የገዛችሁበትን መግለጫ ተመልከቱ። ለቡናው የብረት ወይም ልባስ የሌለው መቁያ ይሁን፤ ለፈንዲሻውም ተራ ድስት ይበቃል።

የሚቆላው ቡና ጭስና እጣኑ እንደ ቴፍሎን በቅጽበት ላይገድሉ ይችላሉ፤ የወፏን የመተንፈሻ አካል ግን ያቆስላሉ። ለመሆኑ አመዴ የምትጮኸው ጭሱ ሲደርስባትም እንደሆነ አስተውለዋል? ስትተነፍስ ጅራቷ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ድምፅዋ ከሻከረ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወፍ ወደሚያክም ሐኪም ይውሰዷት። ወፍ ሕመሟን እስከ መጨረሻው የምትደብቅ ፍጥረት ናት። ከሰል በቤት ውስጥ ማቀጣጠል ለእናንተም ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ስለ እርሱ አልከራከርም፤ ይቅር።

የምግቡን ነገር በአጭሩ ልበል። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና አልኮል ፈጽሞ አይቅመሷት፤ ከረከቦቱ ሥር የወደቀ የቡና ፍሬም ይለቀምላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይስማሟትም፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ይቅርባት። ፈንዲሻ ያለ ጨውና ያለ ቅቤ ትንሽ ብትበላ አይጎዳትም። እናትዎን የሚያስደንቃቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ ወፎች የቃሪያን ማቃጠል አይሰማቸውም። እርሳቸው የሚያለቅሱበትን ቀይ ቃሪያ አመዴ እንደ ሙዝ ልትበላው ትችላለች።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ አይቼው የምንቆላበት መጥበሻ ባለ ልባስ ሆኖ ስላገኘሁት ከቤት ወጥቷል። አተነፋፈሷ ጤናማ ይመስላል፤ ቢሆንም የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። አሁን የቸገረኝ እናቴን ማስረዳቱ ነው። ለእርሳቸው ቡና ያለ እጣን ቡና አይደለም፤ «ለወፍ ብላችሁ ቤታችሁን መዓዛ ልትነሱት ነው?» ብለውኛል። በተጨማሪም ወደ ፊት ኢትዮጵያ ለመግባት እያሰብን ስለሆነ አመዴን ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

መልስ
ጡረታ የወጡ አባት፣ ስቶክሆልም

ልጄ፣ እናትሽን አትከልክያቸው፤ ቦታ ቀይሪላቸው። እኛ ቤት ቡና የሚቆላው በረንዳ ላይ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ በወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ሥር፣ በሩ ተዘግቶና መስኮቱ ተከፍቶ። የተቆላው ቡና ለጠጪው ቀርቦ የሚሸተትበትን ሥርዓት አልነካነውም፤ መቁያውን ይዘን የምንዞረው ግን የእኛው በቀቀን በሌለበት ክፍል ነው። እጣኑንም እዚያው በረንዳ ላይ እናጨሳለን። ባለቤቴ መጀመሪያ ተኮሳትራ ነበር፤ ወፉ ጠዋት በእርሷ ድምፅ «ቡና ጠጡ» ማለት ከጀመረ በኋላ ግን ጠበቃው ሆናለች። ለእናትሽም አንድ ኃላፊነት ስጫቸው፤ ከፊልሙ በፊት ለውዙን በእጃቸው ያጉርሷት፣ ማታም መብራቱን አጥፍተው ደኅና እደሪ የሚሏት እርሳቸው ይሁኑ። የምትወዳቸውን ወፍ በጭስ አያስቸግሯትም።

ስለ ጉዞው ብዙ ወረቀት እንደሚጠብቅሽ እወቂ። በ2016 ዮሐንስበርግ ላይ በተደረገው የሳይተስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ጉባኤ የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ከፍተኛ ጥበቃ ወደሚደረግላቸው ዝርያዎች መዝገብ ስለተዛወረ፣ የቤት እንስሳም ቢሆን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ከአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ፈቃድ፣ ከምትገቢበት አገር ፈቃድ፣ ከሐኪም የጤና ማስረጃ፣ ስትመለሺም የወፍ በሽታ ቁጥጥር አለ። የገዛሽበትን ደረሰኝና የእግሯን ቀለበት ቁጥር ከአሁኑ አዘጋጂ። ለአጭር ጉብኝት ከሆነ ከምታምኚው ሰው ጋር ብትተያት ይሻላል፤ ለመኖር ከሆነ ግን ጉዳዩን ከወራት በፊት ጀምሪ። እነዚህ ወፎች 40 እና 50 ዓመት ስለሚኖሩ፣ ከአንቺ በኋላ ማን እንደሚወስዳት ጭምር ከባለቤትሽ ጋር መነጋገሩ አይከፋም።

የጠያቂዋ ምላሽ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበረንዳውን ነገር ለእናቴ ነግሬያቸው «ይሁን፣ አየሩም ጥሩ ነው» ብለዋል። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀርታኛለች። አመዴን ሳሎን ካመጣናት ወዲህ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በየቀኑ ይታያል። በሽታ ይሆን?

መልስ
በእንስሳት ሕክምና ረዳትነት የምትሠራ፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ

አይደለም፣ አይስጉ። ግራጫ በቀቀኖች ላባቸውን የሚጠብቁበት ልዩ የዱቄት ላባ አላቸው፤ ጥቁር ምንቃሯም ደብዘዝ ብሎ የሚታየው በእርሱ ነው። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ይርጩላት፣ ቴሌቪዥኑንም በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አስም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ የአየር ማጣሪያ ይግዙ። ዱቄቱ ጠፍቶ ምንቃሯ መስታወት መስሎ ማብረቅረቅ ከጀመረ ነው ለሐኪሙ መንገር የሚኖርብዎት።