የ12ቱ ሱቅ ዕቅድ፦ ረቡዕ ከመግባቱ በፊት ያላችሁን ተናገሩ

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን ለማዘጋጃ ቤት የሚያስገባው የሱቆቻችን ዕቅድ ይኼ ነው። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር 12 ሱቅ፣ ያለ ፎቅ፣ በብሎኬት። ፊቱ አይለሰንም፤ መጋጠሚያው ብቻ በጥንቃቄ ይስተካከላል። የልስንና የቀለም ብር ይቀርልናል። ባለፈው ቆርቆሮው የበላብንን ብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሱቅ 7፦ ያልተለሰነ? አልፈርምም። ደብረ ማርቆስ ላይ ያልተለሰነ ቤት ብር ያለቀበት ሰው ቤት ነው።

ሱቅ 2፦ እውነቱን ነው። ቢያንስ ክሬም ቀለም ይቀባ።

የሱቅ 9 ልጅ፦ ምህንድስና ስለተማርኩ አባቴ ጻፍ ብሎኝ ነው። 40 በ20 የሆነው ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ገደማ ይገባል። የሱቁን ወርድ፣ የበሩን ልክ በሙሉና በግማሽ ብሎኬት ቆጥረን ከነደፍነው የሚሰበር የለም፣ መስመሩም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ሳይለሰንም ያምራል። ብሎኬት ግን ውሃ ይመጥጣል። ለክረምቱ ከሥር ግማሽ ሜትር ድንጋይ፣ ከላይ ወጣ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ይለሰን ባይ ነኝ።

ሱቅ 7፦ ይኸው፣ ራስህ ይለሰን አልክ።

የሱቅ 9 ልጅ፦ ጋሼ፣ "ካልተደረገ" ነው ያልኩት።

ሱቅ 11፦ ክሬም አስፋልት ዳር? በአንድ ክረምት ጭቃ ይመስላል። አረንጓዴ ይሁን።

ሱቅ 5፦ አረንጓዴ ከፋርማሲው ጋር ያምታታናል።

ሱቅ 2፦ አንተ ደግሞ ሁሌ ማፍረስ ነው የምትወደው።

ሱቅ 5፦ አፍራሽ ማን እንደሆነ የዕቁቡ ጊዜ ታይቷል።

ሒሳብ ሹም፦ አራት ቀን ሙሉ ቀለም! የብሎኬት ዋጋ የት አለ? ሱቅ 4 ከሦስት ማምረቻ አመጣለሁ ብሎ ነበር።

ሱቅ 11፦ ስልኩን ዘግቷል።

ሱቅ 1፦ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ እባካችሁ። ለመጋዘኔ የገዛሁት ብሎኬት ጫፉ በጥፍር ይረግፍ ነበር። ብሎኬት ከተመረተ በኋላ እንዲጠነክር ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፣ ያ ግን በሁለት ቀኑ ተጭኖ የመጣ ነው። ግድግዳው እርጥበት አስገብቶ 20 ኩንታል በቆሎ ሻገተብኝ። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ሱቅ 7፦ እኔ ለማኅበሩ ክብር ብዬ ነው። ሸክላ ጡብ ከሆነ ሳይለሰንም እሺ።

ሒሳብ ሹም፦ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ? ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ?

ሱቅ 7፦ እሺ ተዉት። ትናንት ተናድጄ ነው የጻፍኩት። የፊቱ ኮለን፣ ምሰሶው ማለቴ ነው፣ እሱ ብቻ ይለሰን።

ሱቅ 5፦ ለፊቱ ይህን ያህል ከተጨነቅን ለምን ጂ ፕላስ ዋን አናደርገውም? ላዩ ለቢሮ ይከራያል።

ሱቅ 2፦ ይኼስ ጥሩ ሐሳብ ነው።

የሱቅ 9 ልጅ፦ ፎቅ ከሆነ መሠረቱም፣ ኮለኑም፣ ፌሮውም ሌላ ስሌት ነው። ፎቁን የሚሸከመው ኮለኑ ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ብቻ ነው የሚሆነው። ከቆጠብነው በላይ እናወጣለን።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ቀይሬዋለሁ። 12 ሱቅ፣ ኮለኑ ተለስኖ ክሬም፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ወጣ ያለ፣ መሠረቱ ወደፊት ፎቅ የሚችል። ወጪውን ባዶ ትቼዋለሁ። ሱቅ 4ን ያገኘ ይደውልልኝ።

ሱቅ 11፦ በክሬም አልተስማማንም።