የቻፔል ሮአንን አልበም በደንብ የሰማችሁ፣ ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?

የልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሙዚቃ የሚገባችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አስራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። መኪና ውስጥ ከገባን ስልኳን ታገናኝና አንድ አልበም ብቻ ነው የምታጫውተው፤ የቻፔል ሮአን «ዘ ራይዝ ኤንድ ፎል ኦፍ ኤ ሚድዌስት ፕሪንሰስ»። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው፤ ለእኔ ግን ገና አዲስ ነው። ሰሞኑን ወጥ ሳማስል አንዱ ዜማ አፌ ላይ መጣብኝ። ግጥሙን ስለማላውቀው ማንጎራጎር ብቻ ሆነ።

ዘፋኟ ሌዝቢያን መሆኗን ልጄ ነግራኛለች። በዚያ ጉዳይ ለመከራከር አይደለም የጻፍኩት። እኔ ያደግኩት በአስቴርና በኩኩ ካሴት ነው፤ የእንግሊዝኛ ፖፕ ብዙም አልከታተልም። ልጄ የምትወደውን ነገር አውቄ ላወራት እፈልጋለሁ። ሳልሰማ «ደስ ይላል» ብላት ወዲያው ትነቃብኛለች። ይህቺ ዘፋኝ ማናት? አልበሙ ውስጥስ ምን አለ?

ኪቦርዲስቱ

ሰላም እህቴ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ይህን አልበም ከልቤ ስለምወደው ትንሽ ላርዝመው።

ከ«ፒንክ ፖኒ ክለብ» ጀምሪ። ዘፈኑ ውስጥ እናት አለች። ከቴነሲ የወጣች ልጅ ካሊፎርኒያ፣ ዌስት ሆሊውድ ሄዳ ክለብ ውስጥ ትደንሳለች። እናቷ ይህን ስታይ ትደነግጣለች፣ እግዜርን ትጣራለች። ልጅቱ ግን እናቷን አትሰድብም፣ አገሯንም አታንቋሽሽም። ክፉ አልሠራሁም፣ ደስ ብሎኝ ነው የምደንሰው ነው የምትላት። ዘፋኟ ሐሳቡ የመጣላት ዌስት ሆሊውድ ያለውን «ዘ አቢ» የሚባል የጌዎች መጠጥ ቤት ካየች በኋላ ነው። እሷ ራሷ የመጣችው ከሚዙሪ ነው፤ ዊላርድ ከምትባል ትንሽ ከተማ።

አሁን ጆሮሽን ስጪው። መጀመሪያ ፒያኖና ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ። ከዚያ ምቱ ይገባል፣ ሲንተሳይዘሩ ይከተላል፣ አዝማቹ ይከፈታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጊታሩ ብቻውን ይወጣል። በአሁኑ ፖፕ ውስጥ እንዲህ ያለ የጊታር ሶሎ ብዙ አትሰሚም።

ዋናው ነገር ግን ድምጿ ነው። ከደረት ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስትሻገር መሃል ላይ ስንጥቅ የሚል ነገር አለ። ብዙ ዘፋኝ ያንን ለመደበቅ ይለፋል፤ እሷ ሆን ብላ ታሰማዋለች። አዝማቹን ቤት ቁጭ ብዬ በቀኝ እጄ ተጫወትኩት። ኖታው አንድም አልጎደለም። ያ ስንጥቅ ግን ከኪቦርዱ አይወጣም።

ታሪኳንም ማወቅ ይጠቅማል። ትክክለኛ ስሟ ኬይሊ ሮዝ አምስተትዝ ነው። «ቻፔል» የአያቷ የቤተሰብ ስም ነው፤ «ሮአን» ደግሞ አያቷ ይወዱት ከነበረ የካውቦይ ዘፈን የተወሰደ። እሳቸው በካንሰር ሲሞቱ ስማቸውን ይዛ ወደ መድረክ ወጣች። በ17 ዓመቷ አትላንቲክ ሬከርድስ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማት። «ፒንክ ፖኒ ክለብ» የወጣው በሚያዝያ 2020 ነው፤ ስለ ክለብ የተዘፈነ ዘፈን በኮሮና ምክንያት ክለብ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት! በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኩባንያው አሰናበታት። ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዙ ደንበኞች የሚስተናገዱበት የድራይቭ ስሩ መስኮት ላይ ሠራች። በኋላ ከአቀናባሪው ከዳን ኒግሮ ጋር እንደገና ተነሱ፤ የታዋቂዋን ፖፕ ዘፋኝ የኦሊቪያ ሮድሪጎን ዘፈኖች የሠራው እሱ ነው። አልበሙ መስከረም 2023 ላይ ወጣ። ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ2024 ለኦሊቪያ ኮንሰርት መክፈቻ እየዘፈነች ከከተማ ከተማ ዞረች፣ ኮቼላ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ታየች፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። አልበሙ ነሐሴ 2024 ላይ ቢልቦርድ 200 በሚባለው የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ሁለተኛ፣ እንግሊዝ ደግሞ አንደኛ ሆነ። ከወጣ ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው።

ብዙዎቹ የፍቅር ዘፈኖቿ ላይ የምትወዳት ሴት ናት። «አንድ ሰው» እያለች አታድበሰብስም። አልበሙ እውነተኛ የሆነብኝም ለዚህ ነው።

ፍቅርተ ከቶሮንቶ

ኪቦርዲስቱ ባለው ላይ ልጨምር። አንዳንዶቹ ዘፈኖች ስለ ወሲብ በግልጽ ያወራሉ። «ካዡዋል» ዜማው ለስላሳ ነው፣ ግጥሙ ግን አልተሸፋፈነም። ከልጅሽ ጋር መኪና ውስጥ ድንገት ከሚመጣብሽ መጀመሪያ ለብቻሽ ስሚው። ውስጡ ያለው ቁስል ግን እውነተኛ ነው። አንዷ ፍቅር ነው ብላ ሙሉ ልቧን ሰጥታለች፣ ሌላው ወገን ግን «እንዲሁ ነው እኮ» ይላታል። ያ ያልደረሰበት ሰው ማነው?

«ካሌይዶስኮፕ»ን እንዳትዘይው። ፒያኖና እሷ ብቻ ናቸው። እኔ ከሁሉም እሱን አስበልጣለሁ።

ጋሽ ከዳላስ

እህቴ፣ ዘፈን ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጆቻችን በባህልም በሃይማኖትም ከእኛ እየራቁ ባሉበት አገር፣ እናት ራሷ እንዲህ ያለውን ዘፋኝ ልስማ ስትል ግራ ይገባኛል። በቀና ልብ ነው የምለው።

የልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ጋሼ፣ በቀና ልብ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ግን አልስማማም። ልጄን ከእኔ የሚያርቃት ዘፈኑ አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን ብትሰማውና እኔ ምንም ባላውቅ ነው የምትርቀኝ። ዘፋኟም የሰው ልጅ ናት፣ ወላጆች አሏት፣ ያፈቀረችውን ነው የዘፈነችው። እኔ ቤት በክፉ አትነሳም።

ኪቦርዲስቱ፣ ዛሬ ሥራ ስሄድ «ፒንክ ፖኒ»ን ብቻዬን ሰማሁት። እናትየው ላይ ስደርስ ደገምኩት። ለካ አፌ ላይ የነበረው ዜማ እሱ ነው! ቀጥሎስ?

ኪቦርዲስቱ

ደስ አሰኘሽኝ። ቀጥሎ «ካሊፎርኒያ»። ይህኛውም የ2020 ነው። ሊሳካልኝ ነው ብላ አገሯን ጥላ ሄዳለች፣ አልተሳካም፤ ቅጠሉ መልኩን የሚቀይርበት ወቅት ናፍቋታል፣ ውሰዱኝ ትላለች። እኛ ስደተኞች ይህን ስንሰማ «ይሄማ ትዝታ ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን እንዲህ አልለውም። ቅኝቱ ሌላ ነው፤ ደግሞም የእሷ ናፍቆት ውስጥ ሀፍረት አለበት። አኮራችኋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አሳፈርኳችሁ ነው የምትለው። ለቤተሰቡ ስልክ ደውሎ «ሥራ ጥሩ ነው» ብሎ የዋሸ ሰው ይህ ዘፈን ይገባዋል።

«ጉድ ላክ፣ ቤብ!» አልበሙ ላይ የለም፣ በሚያዝያ 2024 ለብቻው የወጣ ነጠላ ዜማ ነው፤ ልጅሽ ግን በእርግጠኝነት ታውቀዋለች። ሴት እንደምታፈቅር ለራሷ መቀበል ላቃታት ሴት የተዘፈነ ነው። እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ አታጥፊው። ሲያልቅ ዘፈኑ ባትሪ እንደጨረሰ ቴፕ እየዘገየ፣ እየወፈረ ይወርዳል። አንቺ የካሴት ዘመን ሰው ስለሆንሽ ከልጅሽ ቀድመሽ ትለይዋለሽ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በየካቲት 2025 ግራሚ ላይ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት ስትባል መድረክ ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዛ አነበበች። በሙዚቀኛ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ገና ለሚጀምሩት የሚያኖር ደመወዝና የጤና ኢንሹራንስ ይስጡ አለች። ለአካለ መጠን ሳልደርስ አስፈርማችሁኝ ስትጥሉኝ የሥራ ልምድ አልነበረኝም፣ ኢንሹራንስም መክፈል አልቻልኩም ነው ያለችው። ያቺን የዓመታት ምኞቷን ሰዓት ለምስጋና ብቻ ልታውላት ትችል ነበር። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፒከር ተሸክሜ ከአዳራሽ የምወጣ ሰው ነኝ። ወገቤን ቢይዘኝ የሚያሳክመኝ ድርጅት የለም። ስለዚህ ያንን ንግግር ቆሜ ነው ያየሁት።

ፍቅርተ ከቶሮንቶ

ከልጅሽ ጋር አብራችሁ የምታዩት ነገር ከፈለግሽ በ2024 ኤንፒአር በሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ቢሮ ውስጥ የሠራችውን «ታይኒ ዴስክ» የሚባል ትንሽ ኮንሰርት ዩቲዩብ ላይ ፈልጊ። ከኋላዋ የሚጫወቱት ሁሉም ሴቶች ናቸው። ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ጭስና መብራት የለም፣ ድምጿ እርቃኑን ይሰማል። ኪቦርዲስቱ ያለው ስንጥቅ እዚያ ላይ በደንብ ይገባሻል።

«ሆት ቱ ጎ!»ን ደግሞ ለብቻሽ አትስሚው። በእጅ ፊደል እየሠሩ ነው የሚጨፈረው። እሱን ልጅሽ ታሳይሽ።