ክርክር፦ ኤጀንሲ ቋሚ ሠራተኛ ሲያስቀጥር ከድርጅቱ ስንት ይቀበል?

አወያይ፦ ጥያቄው የአዲስ አበባን ገበያ ይመለከታል። ቋሚ ሠራተኛ ፈልጎ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ድርጅቱን በደመወዙ ልክ ያስከፍል ወይስ ቁርጥ ዋጋ ይኑረው? አንዱ የአንድ ወር ደመወዝ ይጠይቃል፣ ሌላው ከዓመቱ ደመወዝ በመቶኛ። ሠራተኛውን ማስከፈል እዚህ አያከራክረንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ኤጀንሲው ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዲቀበል አይፈቅድም፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም መርሁ ይኸው ነው። ከሁለቱም ወገን የሚቀበለው ደላላ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤች አር (የድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ)፦ ቁርጥ ዋጋ ይሁን ባይ ነኝ። ያልተጣራ ደመወዙ 40,000 ብር የሆነ ሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። የአንድ ወር ከተባለ 40,000 ነው፤ ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 46,000። የዓመቱ 15 በመቶ ከተባለ ደግሞ የ480,000 ብር 15 በመቶ 72,000 ይመጣል፣ ከነቫቱ 82,800። ሥራው ግን ያው ነው፦ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ሲቪ ማጣራት፣ ፈተና መስጠት፣ የቀድሞ አሠሪ ጋ መደወል። ደመወዙ ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያው አብሮ የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ኤጀንሲው ደመወዝ ሲደራደር ለማን ነው የሚያደላው?

ኤጀንሲ፦ ይቺ ነገር ሁሌ ትነሳለች፣ ስሌቱ ግን አያስኬዳትም። በወር ደመወዝ ውል ደመወዙ በ2,000 ብር ቢጨምር እኔ የማገኘው 2,000 ብር ነው። ለዚያ ብሎ ቅጥሩን አደጋ ላይ የሚጥል የለም። እውነተኛው ፈተናችን ችኮላ ነው፤ ቶሎ ለመዝጋት የሚሆነውንም የማይሆነውንም መላክ። እሱን ውቀሱን፣ ትክክል ናችሁ። ዋጋው የከበደው በሌላ ምክንያት ነው፦ ሰው ካልተቀጠረ አንከፈልም። ከ10 ትእዛዝ 4ቱ ብቻ ቢሳኩ የ4ቱ ክፍያ የ10ሩን ድካም ይሸከማል። ቀሪዎቹን 6 ድርጅቱ ራሱ ሰርዟቸው፣ ወይ ከውስጥ ሰው አሳድጎ፣ ወይ ለሦስት ኤጀንሲ በአንዴ ሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ስለ መቶኛው ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ውሉ ላይ «ደመወዝ» ምን ማለት እንደሆነ እዩ። የተጣራ ነው ያልተጣራ? በመሃል ግብርና 7 በመቶ ጡረታ አለ፤ 40,000 ላይ ልዩነቱ ከ10,000 ብር ይበልጣል። የትራንስፖርትና የቤት አበልስ ይቆጠራል? ቫቱም ለሁሉም እኩል አይደለም። ቫት ሰብሳቢ ፋብሪካ የከፈለውን ከሰበሰበው ቫት ላይ ቀንሶ ያካክሰዋል፤ አገልግሎታቸው ከቫት ነፃ የሆነ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ግን የማካካስ መብት ስለሌላቸው 15 በመቶው ወጪያቸው ሆኖ ይቀራል።

የሕግ ባለሙያ፦ ብር የሚፈሰው ዋስትናው ላይ ነው። ብዙ ውል «ሠራተኛው በ60 ቀን ውስጥ ከለቀቀ በነፃ እንተካለን» ይላል። ቀጣሪው 60 ሲያይ የሙከራ ጊዜውን የሸፈነ ይመስለዋል። አዋጁ ግን ለሙከራ የሚፈቅደው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ድርጅት ያንን የሚጨርሰው በ10 ሳምንት፣ ማለትም በ70 ቀን ነው፤ 5 ቀን የሚሠራው በ12 ሳምንት፣ በ84 ቀን። በዓል ከገባበት ደግሞ ይገፋል። ሠራተኛው በ65ኛው ቀን ቢሰናበት ዋስትናው አልፎበታል፣ የሙከራ ጊዜው ግን አላለቀም። ስለዚህ 90 ቀን ጠይቁ፤ ቆጠራው ውል ከተፈረመበት ሳይሆን ሥራ ከጀመረበት ቀን ይነሳ። የሙከራ ጊዜውም በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም።

ኤጀንሲ፦ 90ው ያስማማናል፣ ግን ሁለት ነገር ይጻፍልን። ክፍያው በቀነ ገደቡ ካልገባ ዋስትናው ይውደቅ። መጋዘን ኃላፊ ብላችሁ አስመጥታችሁ ሽያጭ ላይ ካሰማራችሁት፣ ወይም መደቡን ካጠፋችሁት፣ ምትክ አንጠየቅም።

አነስተኛ አምራች፦ ቁርጥ ዋጋ ለትልቅ ቦታ ይስማማ ይሆናል። 9,000 ብር ለሚከፈለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ 25,000 ብር ቁርጥ ከተባለ ግን ሦስት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ደመወዙ ማለት ነው! እንዲህ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ለጥፌ ራሴ አጣራለሁ። ለታችኛው መደብ የወር ደመወዝ ይሻለኛል።

ኤች አር፦ ይሄ አሳመነኝ፤ ቁርጡ ከላይኛው መደብ ይጀምር። እዚያ ግን ክፍያው በሦስት ይከፈል፦ ሲሶው ሥራው ሲታዘዝ፣ ሲሶው ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር፣ የቀረው የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ።

ኤጀንሲ፦ የመጀመሪያውን ሲሶ ከሰጣችሁኝ የ6ቱ ባዶ ትእዛዝ ሸክም ስለሚቀልልኝ ዋጋ እቀንሳለሁ። ታዲያ ለእኔ ብቻ ስጡኝ፤ ከሌላ ኤጀንሲ ጋር አታሩጡኝ።

የሕግ ባለሙያ፦ ለአንድ ብቻ ብትሰጡም የሲቪውን ነገር አትርሱ። ኤጀንሲው የላከው ሰው ቀድሞ በራሳችሁ ማኅደር ውስጥ ካለ፣ በ2 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ ኤጀንሲው እንዳመጣው ሰው እንደሚቆጠር ውል ላይ ይግባ። ዛሬ ያልቀጠራችሁትን ሰው ከወራት በኋላ ለሌላ መደብ ብትወስዱት ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜም በቁጥር ይቀመጥ። 6 ወር ይበቃል፤ 12 የሚል ረቂቅ ከመጣላችሁ ሳትፈርሙ ተደራደሩ።