የፌዴራል መሬት ላለባቸው ካውንቲዎች የሚከፈለው ገንዘብ፦ ዕዳ ነው ወይስ ችሮታ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ርእሳችን አሜሪካ ውስጥ ለምንኖረው በቀጥታ ኪሳችንን ይነካል። የፌዴራሉ መንግሥት ከአገሪቱ መሬት ከሩብ በላይ ይዟል፤ በኔቫዳ ድርሻው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ካውንቲዎች (ከክልል በታች ያሉ የአካባቢ መስተዳድሮች) በዚህ መሬት ላይ የንብረት ግብር መጣል አይችሉም። ለዚህ ማካካሻ ኮንግረስ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግብር ምትክ ክፍያ ሕግን አወጣ። በ2024 ከ1,900 ለሚበልጡ የአካባቢ መንግሥታት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ይጨመር፣ ይቀነስ ወይስ ይቅር? ስድብ አይፈቀድም።

የሲያትሉ፦ ይጨመር እንጂ! አሥር ቤት ካለው መንደር ስምንቱን የያዘ ሰው «እኔ ግብር አይመለከተኝም» ቢል ቀሪዎቹ ሁለቱ መንገዱንም ጥበቃውንም ብቻቸውን ይችሉታል? የከተማ ሰው ቅዳሜ ተራራ ወጥቶ ሲጠፋ የሚፈልገው ሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ ነው፤ ነዳጁንም የሚከፍሉት እነዚያው ጥቂት ነዋሪዎች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1819 ክልሎች የፌዴራል ተቋምን መቅረጥ አይችሉም ብሎ ከወሰነ ወዲህ ሌላ መውጫ የላቸውም።

ከላስ ቬጋስ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ ያምራል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች የራሳቸውን ድርሻ ከፍለዋል ወይ? በኦሪገን የጆሴፊን ካውንቲ ቋሚ የንብረት ግብር በየ1,000 ዶላር የንብረት ግምት 58 ሳንቲም ገደማ ነው፤ በዚያ ክልል ከሁሉ ዝቅተኛው። በ2012 ደን ላላቸው ካውንቲዎች ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ገንዘብ ሲደርቅ ለሸሪፉ ቢሮ የሚሆን ተጨማሪ ግብር ለድምፅ ቀረበ፤ ሕዝቡ አልቀበልም አለ። ፖሊሶቹ ተበተኑ፣ እስረኞች ተለቀቁ። በቀጣዮቹ ዓመታትም ደጋግመው ውድቅ አደረጉት። እኔ እዚህ ሌሊት እየነዳሁ ግብሬን እከፍላለሁ። ለራሱ ደኅንነት ሊከፍል ያልፈለገን ሰው የምደጉመው በምን ሒሳብ ነው?

ከፖርትላንድ፦ ይህን ታሪክ በግማሹ ብቻ ነው የነገርከን። ግብሩ ዝቅ ያለው ስስታም ስለሆኑ አይደለም። ከ1908 ጀምሮ ከብሔራዊ ደን ገቢ 25 በመቶው ለመንገድና ለትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። በምዕራብ ኦሪገን ደግሞ ከባቡር ኩባንያው ተነጥቆ ወደ መንግሥት ከተመለሰው ደን 18 ካውንቲዎች በ1937ቱ ሕግ ከእንጨት ሽያጩ ግማሹን ያገኛሉ። ግንዱ እየተቆረጠ ገንዘቡ ሲገባ ማን ግብር ይጨምራል? ከዚያ በ1990 በእነዚያ ደኖች የምትኖረው ነጠብጣቧ ጉጉት ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ላይ ሰፈረች፤ በ1994 ቆረጣን የሚገድብ የደን ዕቅድ መጣ፤ የእንጨት ሽያጩ ወደቀ። በ1997 ደግሞ የክልሉ መራጮች የግብር ጣሪያውን በሕገ መንግሥት ቆለፉት። ስለዚህ 58 ሳንቲሙ በደጉ ዘመን የተተወ፣ በኋላ የተቆለፈ ቁጥር ነው። ተጨማሪውን ግብር አለመቀበላቸው ግን የራሳቸው ጥፋት ነው፤ እሱን አልከላከልላቸውም። ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ሲዘጋ አይተናል፤ በ2017 የዳግላስ ካውንቲ ተዘግቷል።

ከላስ ቬጋስ፦ እሺ እህቴ፣ ስለ ጉጉቷ ተረድቻለሁ። ግን እኮ በ2000 እንደ እነርሱ ደን ላላቸው ካውንቲዎች ሌላ ሕግ ወጥቶላቸዋል፤ ደን ተቆረጠም አልተቆረጠም ለገጠር ትምህርት ቤትና መንገድ የሚከፍል። ሁለት ቦታ መብላት አይሆንም?

የዴንቨሩ (ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ)፦ ልጆች፣ ቀመሩን ሳታዩ አትጣሉ። የ2000ው ሕግ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ባለፈ ቁጥር ካውንቲዎቹ ኮንግረስ ደጅ ይጠናሉ። ሁለት ቦታ ስለ መብላት ደግሞ የ1976ቱ ሕግ ራሱ መልስ አለው። ሲጀመር በኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ ነው) 75 ሳንቲም ተሰልቶ ካውንቲው ከሌሎች የመሬት ሕጎች ያገኘው ገንዘብ ይቀነስበታል፤ አለበለዚያ ያለ ቅናሽ በኤከር 10 ሳንቲም ይሰላል፤ የሚከፈለው ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። አሁን ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ከፍተኛው ወደ 3 ዶላር ገደማ ደርሷል።

ሰው የማያየው ጉድ ግን የሕዝብ ብዛት ጣሪያው ነው። ኔቫዳ ውስጥ ኤስመራልዳ የሚባል ካውንቲ አለ። ነዋሪው ከ1,000 ያንሳል፤ የፌዴራል መሬቱ ከ2 ሚሊዮን ኤከር ይበልጣል። በኤከር ቢሰላ ሚሊዮኖች ይደርሰዋል፤ ጣሪያው ግን በነፍስ ወከፍ ቆጥሮ ወደ ፍርፋሪ ያወርደዋል። መንገዱ የሚረዝመው በኤከር ነው፣ ክፍያው የሚገደበው በሰው። ይህን ያወጣ ሰው ያንን በረሃ በመኪና አቋርጦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሲያትሉ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ማብራሪያ ከእኔ ምሳሌ በለጠ።

አዲስ አባል፦ መሬቱ ተሽጦ ለምን አይገላገሉም?

ከላስ ቬጋስ፦ እኛ ዘንድ ይሸጣል። በ1998 በወጣ ሕግ በላስ ቬጋስ ዙሪያ ያለ የፌዴራል መሬት በጨረታ ይቀርባል፤ ከገቢው 5 በመቶው ለክልሉ ትምህርት፣ 10 በመቶው በዋናነት ለደቡብ ኔቫዳ የውኃ ባለሥልጣን፣ 85 በመቶው ለመናፈሻና ለተፈጥሮ ጥበቃ ይውላል። ብዙዎቻችን ቤት የገዛነው በዚያ መሬት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ከፖርትላንድ፦ የቬጋስ ዳርቻ ገዢ ስላለው ነው። የኤስመራልዳን ገደል ማን ይገዛዋል? በ2025 የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ ሰፊ የሽያጭ ሐሳብ በበጀት ሕጉ ውስጥ ሲያስገቡ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ጭምር፣ ከራሳቸው ፓርቲ ደጋፊዎች፣ ተነሥተው አስወጡት።

አወያይ፦ እንግዲህ አንድ ነገር ቀይሩ ብትባሉስ?

የዴንቨሩ፦ ጣሪያው ለትንንሾቹ ይነሣ። ገንዘቡም በየዓመቱ ልመና መሆኑ ይቅር። ከ2008 በፊት ኮንግረስ ቀመሩ ያዘዘውን ሙሉ ገንዘብ የማይመድብባቸው ዓመታት ብዙ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ለአምስት ዓመት ብቻ አረጋጋው።

ከላስ ቬጋስ፦ እስማማለሁ፣ ከአንድ ቅድመ ሁኔታ ጋር፦ ካውንቲው በራሱ ነዋሪ ላይ የጣለው ግብርም ቀመሩ ውስጥ ይግባ። ያልከፈለ አያግኝ።

የዴንቨሩ፦ ኤስመራልዳ ውስጥ ማንን ልትቀርጥ ነው?

ከላስ ቬጋስ፦ ለኤስመራልዳ እተዋለሁ። ለጆሴፊን ግን አልተውም።