ለ10ኛ ክፍል ልጆቻችን የሙያ ዝንባሌ ፈተና ይሰጥ? የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የ10ኛ ክፍል ልጆቻችን በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይም ሶሻል ብለው ይለያያሉ። አንድ ድርጅት «የሙያ ዝንባሌ ፈተና ልስጥላችሁ» ብሎ በተማሪ 450 ብር ጠይቋል። ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ ይጠበቅብናል። የመሰላችሁን ጻፉ፤ ጸሐፊያችን ረቂቁን ታዘጋጃለች።

ወላጅ (አባት)፦ እኔ እንቀበል ባይ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ70/30 ጊዜ ነው። ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፣ እኛም ገባን። ምን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ዛሬ ሽያጭ ላይ ነው ያለሁት። ልጄን ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቅልኝ።

የሒሳብ መምህር፦ ልጆቹ ሲመርጡ የማየው ፍርሃት ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ውስጥም ናቹራል ከሶሻል የተሻለ አሳለፈ። ከዚያ ወዲህ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚወደው ልጅ ሁሉ «ሶሻል ከገባሁ አለቀልኝ» ይለኛል። ይህን ፍርሃት አንድ ወረቀት ያወጣዋል ብዬ አላምንም።

ወላጅ (እናት)፦ 450 ብር ለእኔ ቀላል አይደለም። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የአጎቱ ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። ስክሪኑን ገልጦ፣ ፍላቱን ነቅሎ፣ መልሶ ሲገጥም እጁ አይንቀጠቀጥም። ትምህርቱ መካከለኛ ነው። ይህ ፈተና ልጄን ያየዋል? ወይስ «ቴክኒክና ሙያ ግባ» ብሎ እንደ ወደቀ ይቆጥርብኛል?

የምክር አገልግሎት ባለሙያ፦ እህቴ፣ ያነሱት ዋናው ጥያቄ ነው። ትንሽ ላብራራ። ድርጅቱ ያመጣውን ናሙና ተመልክቼዋለሁ። ሰውን ከ16 ዓይነት በአንዱ መድቦ አራት ፊደል የሚሰጥ፣ የማየርስ ብሪግስ ዓይነት መጠይቅ ነው። ይህ የልጅዎን የእጅ ችሎታ አይለካም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲወስዱት ፊደሉ የሚቀየርባቸው ብዙ ናቸው። የማየርስ ብሪግስ አሳታሚ ራሱ ለቅጥር መምረጫ አታድርጉት ይላል። ታዲያ 16 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በምን ሒሳብ ነው የትምህርት መስክ የምንመርጥበት?

የተሻለ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ሆላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አከፋፈል ዝንባሌን በስድስት ያያል፦ በእጅ መሥራት፣ መመራመር፣ ኪነ ጥበብ፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር፣ መምራትና መነገድ፣ ሰነድና ቁጥርን በሥርዓት መያዝ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በዚህ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ በነጻ ይገኛል። ለምን ብር እንደምንከፍል አልገባኝም።

ነጻ ስለሆነ ብቻ ግን አናምልከው። የሚጠይቀው «ትወዳለህ ወይ» ብሎ ነው፣ «ትችላለህ ወይ» ብሎ አይደለም። የሰው ዝንባሌ ደግሞ በደንብ መርጋት የሚጀምረው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ልጅ ያላየውን ሥራ ወደድኩ ሊል አይችልም።

የተማሪዎች ተወካይ፦ እኔ እሱን መጠይቅ በስልኬ ሞክሬዋለሁ። «አክሲዮንና ቦንድ መግዛትና መሸጥ ትወጃለሽ?» ይላል። የኛ አገር የአክሲዮን ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ነው፤ ከክፍላችን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «የወጥ ቤት ቁም ሳጥን መሥራት»ም አለ። እንጨት ቤት ገብቼ አላውቅም፣ ከመልሶቹ መካከለኛውን ነክቼ አለፍኩ። እንደዚህ እየነካሁ ነው የጨረስኩት። ሌላ ደግሞ፣ ውጤቱን ማነው የሚያየው? ቤተሰቤ ቀድሞ ካየው የምመልሰው እነሱ የሚፈልጉትን ነው። ጓደኞቼም እንደዛው።

የሒሳብ መምህር፦ ልጅቷ ጉዳዩን ጨረሰችው። እኔም ወደዚህኛው ሐሳብ መጥቻለሁ፦ መጠይቁ ይኑር፣ ግን መነጋገሪያ ይሁን።

የምክር አገልግሎት ባለሙያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ መጠይቆች ወንዶች በእጅ ሥራው፣ ሴቶች ሰውን በመርዳቱ በኩል ከፍ ይላሉ። መፍቻ ጨብጣ የማታውቅ ልጅ መካኒክነትን እንዴት ትምረጥ? ስለዚህ ጉብኝቱ ከመጠይቁ መቅደም አለበት። ተራ ጉብኝት አይደለም የምለው። ልጁ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ሥራውን አይቶ፣ ከተፈቀደለት ነክቶ ይመለስ።

ጸሐፊ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

«ኅብረቱ የድርጅቱን ፈተና እንዳይገዛ ይጠይቃል። በምትኩ በ10ኛ ክፍል አጋማሽ ተማሪዎች በቡድን የሥራ ቦታ ይጎብኙ፤ ከእነዚህም አንዱ ተግባረ ዕድ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነጻው የዝንባሌ መጠይቅ ይሰጥ፤ ልጆቹ ያልገባቸውን ጥያቄ የሚያስረዳ መምህር አብሮ ይቀመጥ። ውጤቱ ለተማሪው ይሰጥ። ተማሪው ከምክር አገልግሎት ባለሙያው ጋር ከተነጋገረ በኋላ ወላጅ ይጠራ።»

ወላጅ (አባት)፦ ብሩን ስለማዳን ብቻ ከሆነ አልስማማም ነበር። ይህን ግን እደግፋለሁ። ውጤቱ ከእኔ በፊት ለልጄ መድረሱ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ተወካይዋ ያለችውን ካነበብኩ በኋላ ትክክል መሆኑ ገባኝ።

ወላጅ (እናት)፦ «ውጤቱ ናቹራልና ሶሻል ለመደልደል አይውልም» የሚል በግልጽ ይግባ። ካልተጻፈ ነገ ቦታ ሲጠብ ያንኑ ወረቀት አውጥተው ነው የሚደለድሉን።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። «ቴክኒክና ሙያ ለተማሪው ከሁለቱ መስኮች እኩል እንደ ምርጫ ይብራራለት» የሚልም ጨምሬበታለሁ።

የተማሪዎች ተወካይ፦ 11ኛ ክፍል የገቡት ቢጠሩስ? ናቹራል ገብተው የተጸጸቱም፣ ሶሻል ገብተው ደስ ያላቸውም አሉ። እነሱ ሲያወሩን እንሰማለን።

ሰብሳቢ፦ ይጨመር። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ፤ አርብ ጠዋት ደብዳቤው ለርዕሰ መምህሩ ይገባል። ጋራዥ፣ ክሊኒክ፣ ቢሮ ወይም ወርክሾፕ ያላችሁ ወላጆች ስንት ልጅ በየትኛው ቀን መቀበል እንደምትችሉ ለጸሐፊዋ አሳውቁ። ቦታ ሳንይዝ ደብዳቤ ማስገባት አንችልም።