አሮጌው ጥሬ ፑኤር ሻግቷል ወይስ ጠረኑ ነው?

የሻይ ሱሰኛዋ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ ከጓንግዡ ክብ ሆኖ የተጨመቀ 357 ግራም ጥሬ ፑኤር፣ ማለትም ቶሎ ሳያጠቁሩት በራሱ ጊዜ እንዲበስል ለዓመታት የሚያስቀምጡት የቻይና ሻይ፣ አምጥቶልኛል። ወረቀቱ ላይ 2004 ይላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ነው። 6 ግራም ፈልፍዬ ክዳን ባላት ትንሽ ሲኒ በዚያው ቅጠል ላይ የፈላ ውሃ እየጨመርኩ ደጋግሜ ቀዳሁት። የመጀመሪያው ዙር ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ዕቃ ቤት ይሸታል። በሦስተኛው ሽታው ቀነሰና ምላስ የሚያጣብቅ ምሬት መጣ። በአምስተኛው ግን ከዋጥኩት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ ጣፈጠኝ፤ ስኳር የሚባል አልነካሁም! ባለቤቴ “ጣዪው” ብሎ ወስኗል። እኔ ሳይቀምስ ለሚፈርድ ሰው አልታዘዝም።

ነዋሪ በጓንግዡ፦
እህቴ፣ አትጣዪው። ይህ ከተማ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ እዚህ የከረመ ፑኤር ቶሎ ይጠቁራል፣ የመጋዘን ሽታም ይይዛል። በሌላዋ የቻይና ከተማ በኩንሚንግ ደረቅ አየር የተቀመጠው ምሬቱን ለረጅም ጊዜ አይለቅም። ዋናው ነገር ሽታው መሄዱ ነው። እስከ መጨረሻው ከዘለቀና ጉሮሮ ከከረከረ፣ ወይም ቅጠሉ ላይ ጸጉር መሳይ ነገር ካየሽ ያን ጊዜ ድፊው። አሁን የራሰውን ቅጠል በጣትሽ ዘርጊው። ከተፈታና ቡናማው ውስጥ አረንጓዴ ከቀረው ጥሩ ነው። ጠቁሮ ድርቅ ካለ ግን ወይ እርጥበት በዝቶበታል ወይ ጥሬ አይደለም። ከ1973 ወዲህ ቅጠሉን ከምረው ውሃ እያርከፈከፉ በሳምንታት የሚያጠቁሩበት ዘዴ አለ፤ እሱን አሮጌ ጥሬ ነው ብለው የሚሸጡ አይጠፉም።

ቅርንፉድ፦
ወረቀት ላይ 2004 ብሎ ማተም ማንን ያቅተዋል? እኔ ውሽውሼን አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ዕድሜውን ጠይቄው አላውቅም።

የደጋ ሰው፦
ስለ ውሃው ማንም አላነሳም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጓንግዡ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ 10 ሰከንድ የሚበቃው እዚህ ጥቂት ይጨመርለት። ሲኒዋን አስቀድመሽ አሙቂ፤ የመጀመሪያውን ውሃ ቅጠሉን አለቅልቀሽበት ድፊው፣ የዕቃ ቤቱ ሽታ አብሮ ይሄዳል። ከስድስተኛው ዙር ወዲያ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ አቆዪው። ቅጠሉ ሲደክም በድስት ቀቅዪው። በጀበና ግን እንዳትሞክሪ! ሸክላው የቡናውን ዘይት ስለጠጣ ሻዩም ቡናውም ይበላሻል።

የሻይ ሱሰኛዋ፦
ዘረጋሁት፤ ተፈታ፣ ጫፉም አረንጓዴ ነው። ቅርንፉድ፣ ስለ ዓመቱ ጥርጣሬዎን እጋራለሁ። ወንድሜን ስንት እንደከፈለበት ግን አልጠይቀውም።