የሪአክሽን ፕሮዳክት መተንበይ፦ ለጎንደር ትምህርት ቤቶች የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ የአዘዞ፣ የማራኪና የፒያሳ የኬሚስትሪ መምህራን ባልደረቦቼ። መነሻዬ ይሄ ነው፦ ልጆቻችን ተጽፎ የተሰጣቸውን የሪአክሽን ኢኩዌሽን ባላንስ ያደርጋሉ፣ ማለትም በሁለቱ ወገን ያሉትን አቶሞች ቁጥር ያመጣጥናሉ፤ ፕሮዳክቱን (ከሪአክሽኑ የሚገኘውን ውጤት) ራሳችሁ ጻፉ ሲባሉ ግን እስክሪብቷቸው ይቆማል። ወደ ስቶይኪዮሜትሪ (በሪአክሽን ውስጥ ወዳለው የመጠን ስሌት) ከመግባታችን በፊት ለዚህ ብቻ የሚሆን ክፍለ ጊዜ ይመደብ። እናንተስ?

ከአዘዞ፦ እደግፋለሁ። ግን አምስቱን የሪአክሽን ዓይነቶች (መዋሃድ፣ መፈራረስ፣ ነጠላ መተካት፣ ድርብ መተካትና መቃጠል) አሸምድደን የምናልፍ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። ተማሪዎቼ ብረትን (አይረን) ከኮፐር (መዳብ) ሰልፌት ጋር ስሰጣቸው አይረን ሰልፌትና ኮፐር ብለው ይጽፋሉ፤ ልክ ናቸው። ገልብጬ ኮፐርን ከአይረን ሰልፌት ጋር ስሰጣቸውም ያንኑ ቦታ ማለዋወጥ ይደግሙታል። "ሪአክሽን የለም" ብሎ የሚጽፍ ልጅ ብርቅ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው "ለመሆኑ ይካሄዳል ወይ?" ብለው መጠየቅን ይልመዱ።

ከማራኪ፦ ይሄንኑ በዓይናቸው ይዩት እንጂ! አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ሶሉሽን ይደረግና በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ምስማር ይነከርበት። ሌላው ውስጥ አይረን ሰልፌትና የመዳብ ሽቦ። ከመንከራችን በፊት ሁሉም ልጅ የሚሆነውን በደብተሩ ይጻፍ፤ ከተጻፈ በኋላ መሰረዝ የለም። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ምስማሩ ቀላ ያለ መዳብ ይለብሳል፣ ሽቦው እንደነበረ ይቀራል። ሰማያዊው ቀለም እስኪፈዝ ግን ጊዜ ስለሚወስድ ብርጭቆው ይደር።

ከፒያሳ፦ የማራኪዋ እህቴ፣ ግሩም ነው። እኔ የማነሳው የፎርሙላውን ነገር ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ነጭ የካልሲየም ካርቦኔት ዝቃጭ ይወጣል። ልጆቹ ይሄንን ያገኙታል፤ ሶዲየም ክሎራይድ ላይ ሲደርሱ ግን በካልሲየም ክሎራይድ ፎርሙላ (CaCl₂) ላይ የነበረችውን ሁለት ቁጥር ይዘዋት ይሄዳሉ። መጀመሪያ የአዮኖቹን ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) አይተው ፎርሙላውን እንደ አዲስ መሥራት፣ ባላንስ ማድረግ ከዚያ በኋላ። ቅደም ተከተሉ በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይስፈር።

ከአዘዞ፦ የአክቲቪቲ ሲሪሱ (የትኛው ብረት የትኛውን ከውህዱ እንደሚያስወጣ የሚያሳየው ዝርዝር) እና የሶሉቢሊቲው (የትኛው ውህድ ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟ የሚያሳየው) ሰንጠረዥስ? በቃል ይያዝ ወይስ ይሰጣቸው?

ከፒያሳ፦ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፣ በእኛ ፈተናም ይሰጣቸው። ሲጠቀሙበት ከከረሙ ዋና ዋናው ሳያስቡት ይያዛል። ሰንጠረዥ የማንበብ ችሎታ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ከማራኪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የፋሲል ግቢን ድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነውና ከዚያ እንጠይቃቸው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ውሃ ሲገባበት እየጋለ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፣ ውሃም ይወጣዋል። ይሄ ሦስተኛው ከአምስቱ ዓይነቶች በአንዱም በቀጥታ አይመደብም፤ አሲዳዊ ኦክሳይድና ቤዝ ተገናኝተው ጨውና ውሃ ሰጡ። ዓይነት ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ይቸገራል፤ ባሕርያቸውን ያወቀ ግን ይደርስበታል።

ሰብሳቢ፦ ይግባ። ገና ውሃ ያልገባበትን ኖራ (ካልሲየም ኦክሳይድ) ግን ተማሪ እንዳይነካ፤ ዓይን ያጠፋል። ለክፍል የጠራ የኖራ ውሃ ይበቃል። በሉ፣ አዘዞ መግቢያውን፣ ፒያሳ የፎርሙላውን ክፍል፣ ማራኪ ሙከራዎቹን ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ከማራኪ፦ እሺ። የአይረን ሰልፌቱ ሶሉሽን በዕለቱ ይዘጋጅ የሚለውንም እጽፋለሁ። አየር ላይ ሲቆይ ወደ ቡናማ ስለሚለወጥ ልጆቹ ከሽቦው ጋር ሪአክሽን የተካሄደ ይመስላቸዋል።